«ኔትወርክ የለም»፤ እና የት ሄደ?

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ ከምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት አንዲት እናት ቆሙ። ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። በአንድ እጃቸው የቁጠባ ደብተራቸውን፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ መታወቂያቸውን ይዘዋል። ባለቤታቸው ሌሊት ታመው ሆስፒታል እንደገቡ፣ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸውና ለማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ሊያወጡ እንደመጡ በአጭሩ ነገሩኝ። እኔም በሳምንት ብዙ ጊዜ የምለውን፣ ስለው የማላስበውን ቃል ተናገርኩ።

«እናቴ፣ ሲስተም የለም፤ ኔትወርክ ጠፍቷል።»

እሳቸውም ቅር ሳይሰኙ፣ አንድ ሰው ከቤቱ እንደታጣ ሁሉ ጠየቁኝ፦ «እና የት ሄደ ልጄ?»

ከጎኔ ያለው ባልደረባዬ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ ልል ነበር። እሳቸው ግን ቀልድ አልነበሩም። ከጉያቸው ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ክፍለ ሀገር ያለው ልጃቸው በስልክ ገንዘብ ሊልክላቸው ቃል ገብቶ ነበር፤ መልእክቱ አልደረሰም። ልጃቸውን ልደውልላቸው ሞከርኩ፤ አልሄደም። ሰፈሩ ከሌሊት ጀምሮ መብራት የለውም፤ የስልኩም ሲግናል መብራቱን ተከትሎ ሄዷል። እኚህ እናት በዚያ ማለዳ ሦስት በር አንኳኩ፤ የባንኩን፣ የስልክ ገንዘቡን፣ የልጃቸውን። ሦስቱም በሮች የተንጠለጠሉት በአንድ ማጠፊያ ኖሯል፤ ማጠፊያው ሲሰበር ሦስቱም አብረው ወደቁ።

በመጨረሻ እኛ የመስኮት ሠራተኞች ከየኪሳችን አዋጥተን ሰጠናቸው። በሦስተኛው ቀን መልሰው አመጡልን፤ ባለቤታቸውም ተርፈዋል። ታሪኩ በመልካም ስላለቀ ግን ጥያቄያቸው አላለቀም። «የት ሄደ?» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ማለዳ ልመልስላቸው ያልቻልኩት መልስ ነው።

አንባብያን ሆይ፣ አስቀድመን ይህን «የለም» የምንለውን ቃል እንመርምረው። «ዝናብ የለም» እንላለን፤ ዝናቡን የከለከለ ሰው ስለሌለ ማንንም አንከስም። «ኔትወርክ የለም» ስንልም በዚያው ዜማ ነው፤ ኔትወርክ ልክ እንደ ደመና ሲፈቅድ የሚመጣ፣ ሲከፋው የሚሄድ ይመስል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት የለም፣ አድራጊ የለም፣ ተጠያቂም የለም። ደንበኛው «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ ይመለሳል። እኔም ነፃ ነኝ፣ አለቃዬም ነፃ ነው፣ የአለቃዬ አለቃም ነፃ ነው። ከቋንቋችን ውስጥ የዚህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ከወቀሳ የሚያድን ቃል አላውቅም።

ነገር ግን ኔትወርክ ደመና አይደለም። ኔትወርክ ብረት ነው፣ ሽቦ ነው፣ ባትሪ ነው፣ ናፍጣ ነው፣ በጀት ነው፣ ፊርማ ነው። ከጠፋ የጠፋበት ምክንያት አለ፤ ከምክንያቱም ጀርባ አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተወሰነ ውሳኔ አለ። እኔ የማውቀውን ያህል፣ ኔትወርክ በክፉ ቀን የሚሄድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንድ በአንድ ልዘርዝራቸው።

የመጀመሪያው መንገድ የመብራት መንገድ ነው። በኪሳችን የያዝነው ስልክ በአየር የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለ ማማ ጋር ነው። ማማው ደግሞ እንደ እኛ ቤት ሁሉ ኤሌክትሪክ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይተካዋል፤ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር ካለ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ ናፍጣው ሲያልቅ ሁሉም ያበቃል። እንግዲህ ማማው ከመብራት መጥፋት በኋላ ለስንት ሰዓት ይቆማል የሚለው ጥያቄ የተፈጥሮ ጥያቄ አይደለም። ስንት ባትሪ ተገዛ፣ ያረጀው መቼ ተቀየረ፣ ናፍጣ የሚያመላልሰው መኪና በጎርፍ ጊዜ በየትኛው መንገድ ይሄዳል የሚል የዕቅድ ጥያቄ ነው።

ይህ የድሃ አገር ብቻ ችግር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ ሲመታ ከ1,000 በላይ የሞባይል ጣቢያዎች ከአገልግሎት ውጪ ሆነዋል። የዚያች አገር የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከዚህ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 እያንዳንዱ የሞባይል ጣቢያ ቢያንስ ለ8 ሰዓት የሚበቃ መጠባበቂያ ኃይል እንዲኖረው ደንብ አወጣ። 8 ሰዓት! አንድ የሥራ ቀን ያህል ብቻ። ኩባንያዎቹ ግን ይህም በዛብን ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በማግሥቱ ዓመት የመንግሥቱ የበጀት መሥሪያ ቤት ደንቡን ሳያጸድቀው ቀረ፤ ደንቡም አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው ሌላ አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደሴቲቱ የሞባይል ጣቢያዎች ከመቶ 95 በላይ የሚሆኑት ዝም ብለው ነበር። ማማን ከነፋስ ኃይል ሁሉ ማዳን አይቻልም፤ ይህን አልክድም። ነፋሱ ያልጣለውን ማማ በባትሪ እጦት መግደል ግን የሰው ሥራ ነው።

በዚያችው አሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሰደድ እሳትን በመፍራት ኤሌክትሪክ ለቀናት በተቋረጠ ጊዜ ስልኩም አብሮ ተቋርጦ ሕዝብ ከተጨነቀ በኋላ፣ የግዛቱ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ለእሳት በተጋለጡ አካባቢዎች የ72 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል እንዲኖር አዘዘ። 8 ሰዓት «አይቻልም» በተባለበት አገር 72 ሰዓት ታዘዘ። «አይቻልም» የሚለው ቃልም እንግዲህ የ«የለም» ታናሽ ወንድም ኖሯል።

ሁለተኛው መንገድ የሕዝብ መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት ከራሴ ሙያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ ባንክ ሕዝቡ ያስቀመጠበትን ገንዘብ ሁሉ በካዝናው ቆልፎ አይጠብቅም፤ ያበድረዋል። ይህን የሚያደርገው አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡም ብሎ በማመን ነው። ስልክም እንዲሁ ነው። አንድ ማማ በአንድ ጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ጥሪ የተወሰነ ነው፤ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። አግነር ኤርላንግ የሚባል በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ባሳተማቸው ጽሑፎች ለዚህ ያህል ሕዝብ ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚሰላበትን መንገድ አሳየ። ሒሳቡ ግሩም ነው፤ ግን የተመሠረተው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጉዳይ፣ በራሱ ሰዓት ስልክ ያነሣል በሚል እምነት ላይ ነው። የአደጋ ቀን ይህን እምነት ያፈርሰዋል። በዚያ ቀን ሁሉም በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ ጉዳይ ስልክ ያነሣል። በባንክ ቋንቋ፣ አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ማለዳ መስኮቱ ፊት ተሰለፉ ማለት ነው።

ይህን እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። በታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በመጠን 5.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ከአራተኛ ፎቅ ደረጃውን በባዶ እግሬ እየወረድኩ ለእህቴ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። በኋላ ስንገናኝ ነገሩ ተገለጠ፤ እሷም በዚያው ሰዓት ደጋግማ ለእኔ ትደውል ነበር። በፍቅር ተጣድፈን አንዳችን የሌላችንን መስመር ዘጋን። በዚያች ሌሊት እንደ እኛ ያሉ ስንት ወንድምና እህት፣ ስንት እናትና ልጅ እርስ በርሳቸው መስመር ተዘጋግተው እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

በዚህ ረገድ ብዙ መከራ ያስተማራቸው ጃፓኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 ምድር በተንቀጠቀጠችና ባሕር ወደ የብስ በወጣ ጊዜ፣ የሞባይል ኩባንያዎቹ መስመሩ ጨርሶ እንዳይወድቅ የድምፅ ጥሪን እስከ መቶ 95 ድረስ ገድበውት ነበር። ከ20 ጥሪ አንዱ ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ጽሑፍና ኢንተርኔት ግን የተሻለ መንገድ ነበራቸው፤ አጭር መልእክት እንደ ጥሪ መስመር ይዞ አይቆይም፣ ጠብቆ ተራው ሲደርስ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ከዚያም አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ፣ 171 የሚባል ቁጥር ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይሠራበታል። በአደጋ አካባቢ ያለ ሰው በዚህ ቁጥር «ደህና ነኝ» የሚል ድምፁን ያስቀምጣል፤ ዘመዱም ካለበት ሆኖ ያዳምጠዋል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት መገናኘት የለባቸውም፤ ስለዚህ እንደ እኔና እንደ እህቴ መስመር አይዘጋጉም። እነዚህ ሰዎች «መስመሩ ተጨናንቋል» ብለው አልተቀመጡም። ሕዝብ በክፉ ቀን እንደሚጨነቅ አስቀድመው አሰቡለት።

ማስጠንቀቂያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በጀርመን የአር ሸለቆ ጎርፍ መጥቶ ከ130 በላይ ሰዎች በዚያ ሸለቆ ሞቱ። ያን ጊዜ ጀርመን ሴል ብሮድካስት የሚባለውን ዘዴ አልዘረጋችም ነበር። ዘዴው ከአንድ ማማ ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ይረጫል። እንደ ደወል ነው፤ ለአንድም ሰው ለሺህም ሰው የሚሰማው በአንድ ምት ነው፤ ስለዚህ መስመር ቢጨናነቅም አይታገድም። አዲስ ግኝት አይደለም፤ የሞባይል ስልክ ገና በተስፋፋበት ዘመን የተቀመረ ነው። ጀርመን ሥራ ላይ ያዋለችው ግን ከዕልቂቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የእጅ መንገድ ነው። ስለዚህ መናገር ይከብዳል፤ ሳይናገሩ ማለፍ ግን ከሁሉ የከፋ «የለም» ማለት ነው። በእኛ አገር ኔትወርክ በመብራት ብቻ፣ በሕዝብ ብዛት ብቻ አልሄደም፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ያጠፋባቸው ጊዜያት አሉ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ከሰኔ ወር ጀምሮ፣ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘጋ፤ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት አጭር መልእክት በጭንቅ ሰዓት ድምፅ ሳያልፍ የሚያልፍ፣ የአደጋ ቀን የመጨረሻ ክር ነው። የተበጠሰው ክር እሱ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ በሰፊው መመለስ የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ነው። የባንክ አገልግሎትም በዚያ ዘመን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲፋፋም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በእነዚህ ዘመናት በዋሽንግተን፣ በሪያድ፣ በቴል አቪቭ የነበሩ ወገኖቻችን የእናታቸውን መኖርና መሞት ሳያውቁ ስንት ሌሊት ነጋባቸው!

«ለጸጥታ ሲባል ነው» የሚሉ አሉ። ንግግራቸውን በንቀት አላልፈውም፤ መንግሥት ሕዝብን ከሁከት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ክፉ ወሬም በስልክ ይሮጣል። ነገር ግን ማጥፊያውን የሚጫነው እጅ የማንን ጥሪ እንደሚቆርጥ አይመርጥም። ምጥ የያዛት ሴት ባል አምቡላንስ ፍለጋ የሚደውለውም በዚያው መስመር ነው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939 እያልን ልጆቻችንን እናስጠናለን፤ መስመሩ በሌለበት ቁጥሩን ማስጠናት ቁልፍ ሰጥቶ በሩን በድንጋይ እንደ መድፈን ነው። ወሬንም ዝምታ አይገድለውም፤ እውነቱን አጣርቶ የሚደውል ሰው ሲጠፋ ሐሰት ብቻዋን በእግሯ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ባንክና ስልክ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ ብያለሁ፤ ሁለቱም ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም በሚል እምነት ይኖራሉ። በአንድ ነገር ግን ይለያዩብኛል። የባንኩን እምነት ሕግ አያምነውም። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱን ባንክ ከተቀማጩ የተወሰነ ከመቶ መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፤ ያንን ገንዘብ ባንኩ ቢጎመዥም አይነካውም። መጠባበቂያው በደህና ቀን የሞተ ገንዘብ ይመስላል፤ አይወልድም፣ አያተርፍም። የተቀመጠው ለክፉ ቀን ነውና። እንግዲህ የማማ ባትሪ ምንድን ነው? የስልክ መጠባበቂያ አይደለምን? በደህና ቀን የሞተ ገንዘብ ይመስላል፤ በክፉ ቀን ግን የሰው ነፍስ ነው። የገንዘባችን መጠባበቂያ በሕግ የሚጠበቅ ከሆነ፣ የጩኸታችን መጠባበቂያ በኩባንያ በጎ ፈቃድ ስለምን ይተዋል? ገንዘባችን ከጩኸታችን ይበልጣልን?

ይህን የምለው ገንዘባችንም ወደዚያው ማማ ሥር እየተሰደደ ባለበት ዘመን መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። እኛ የባንክ ሠራተኞች ደንበኛን «በስልክዎ ይጠቀሙ፣ ለምን ይሰለፋሉ» እያልን እንመክራለን፤ ምክሩም በደህና ቀን መልካም ነው። ግን ገበያው፣ ታክሲው፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ በስልክ ሲከፈል፣ የኔትወርክ መጥፋት የወሬ መጥፋት ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የእንጀራና የመድኃኒት መጥፋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 በካናዳ ይህ በገሃድ ታየ። ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ በጥገና ላይ ሳለ አንድ የአሠራር ቅንብር ሲለውጥ የኔትወርኩ ልብ ቆመ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ በአገሪቱ ሱቆች ሰው በባንክ ካርዱ የሚከፍልበት ኢንተራክ የተባለው ሥርዓት አብሮ ወደቀ፤ ወደ 911 ደውለው ማግኘት ያልቻሉም ነበሩ። አስገራሚው ነገር ማማዎቹ አለመሞታቸው ነው። ሲግናል እያሳዩ ቆመዋል፤ ስልኮቹም በእነሱ ተታለው ወደ ሌላ ኩባንያ ማማ ሳይሸሹ ቀሩ። የኩባንያው ሠራተኞችም የሚነጋገሩት በዚያው በወደቀው መስመር ስለነበር ጥገናው ራሱ ዘገየ። ከዚያ በኋላ የካናዳ መንግሥት ኩባንያዎቹ በአደጋ ጊዜ አንዱ የሌላውን ደንበኛ እንዲያስተናግድ፣ እንዲረዳዱም የሚያስገድድ ስምምነት እንዲፈርሙ አደረገ። በደህና ቀን ይፎካከሩ፤ በክፉ ቀን ግን ጎረቤታሞች ናቸው ተባለ።

«እኛ ድሃ ነን፤ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ መጀመሪያ ማማው ላልደረሰው ይድረሰው» የሚል ወዳጅ አለኝ። ክርክሩ ከልብ ስለሆነ ከልብ ልመልስለት። ሀብታም ስልኩ ቢጠፋ መኪናውን አስነሥቶ ሆስፒታል ይሄዳል። ድሃ ያለው ስልኩ ብቻ ነው። ለሀብታም ስልክ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው፤ ለድሃ መንገዱ ራሱ ነው። ስለዚህ የማይሰበር መስመር ከሀብታም ይልቅ ለድሃ ያስፈልጋል። ሲሆን ማማው ይድረሰው፤ ሲደርሰው ግን ለደህና ቀን ብቻ የሚሆን ማማ አይድረሰው። በገጠር ያደገ ሰው ማማ ምን እንደሆነ ያውቃል። አዝመራው ሲደርስ ጠባቂ ተቀምጦበት ወፍና ዝንጀሮ የሚከላከልበት ከፍ ያለ እንጨት ነው። ወፍ በሌለበት ሰዓት ነቅቶ፣ መንጋው ሲወርድ የሚተኛ ጠባቂን ገበሬው ምን ይለዋል? «ማማው ግን ረጅም ነው» ብሎ ያመሰግነዋልን? እኛ ግን የማማዎቹን ብዛትና የደንበኞቹን ቁጥር እየሰማን እናጨበጭባለን።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አካባቢ ያለ ማማ መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት እንደሚቆም ቁጥሩ በአደባባይ ይነገረን፤ ዝቅተኛውም በሕግ ይወሰን፤ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ባለበት ይብዛ። ሁለተኛ፣ የአደጋ ጥሪ በየትኛውም ኦፕሬተር ማማ፣ ካርድ ባይኖርም፣ ያለ ክፍያ ይለፍ፤ በጭንቅ ሰዓትም ከሌላው ጥሪ ቀድሞ ይለፍ። ሦስተኛ፣ የማስጠንቀቂያ መልእክት ከአደጋው በኋላ የሐዘን መግለጫ ሆኖ ሳይሆን ከአደጋው በፊት በየቋንቋችን ይድረሰን። አራተኛ፣ አገልግሎት በተቋረጠ ቁጥር ምክንያቱ፣ የቆየበት ሰዓትና ኃላፊው በጽሑፍ ይገለጥ። አምስተኛ፣ ማንም ባለሥልጣን በምንም ምክንያት የሕዝብን የአደጋ ጥሪ መስመር እንዳያጠፋ በሕግ ይከልከል። እኛም የበኩላችንን እናድርግ፤ በአደጋ ሰዓት ከጥሪ ይልቅ አጭር መልእክት እንላክ፣ ስንደውልም ቃላችንን እናሳጥር፣ በቤታችንም ለክፉ ቀን ጥቂት ጥሬ ገንዘብና የባትሪ ራዲዮ አይጥፋ። ግን የእኛ ጥንቃቄ የእነሱ ግዴታ ማወራረጃ እንዲሆን አንፍቀድ።

በዚያ ማለዳ ከየኪሳችን ያዋጣነውን ገንዘብ እያነሡ «እንዲህ ያለ መተሳሰብ ሳለ ምን ኔትወርክ ያስፈልጋል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እውነት ነው፣ በዚያ ቀን የሠራው መስመር ሰው ብቻ ነበር። ነገር ግን ደግነት የባትሪ ምትክ አይደለም። የእኛ ኪስ አንዲት እናት ነው ያዳረሰው፤ በዚያች ሰዓት በዚያው ሰፈር ደጃችን ያልደረሱ፣ ደውለው ያልተሰሙ ስንት እንደነበሩ አላውቅም። የምንመሰገነው በመተዛዘናችን ነው፤ የምንወቀሰው መተዛዘናችንን ለሌላው ስንፍና መሸፈኛ ስናደርገው ነው።

ከዚያ ወዲህ በመስኮቴ «ሲስተም የለም» ማለት ትቻለሁ። «መስመሩ ተቋርጧል፤ የተቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ካላወቅሁም ጠይቄ እነግርዎታለሁ» እላለሁ። ቃሉ ረዘመብኝ፤ ባልደረቦቼም ይስቁብኛል። ቢያንስ ግን አድራጊውን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መለስኩት። እናንተም ሞክሩት። ያቺን የእናቴን ጥያቄ በየመስኮቱ፣ በየቢሮው፣ በየስብሰባው ሳታፍሩ ጠይቁ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ በጥቂት ስንኝ ልሰናበት።

መብራት ሲሄድ ሄደ፣ ሕዝብ ሲበዛ ሸሸ፤
በደህና ቀን ነግቶ፣ በክፉ ቀን መሸ።
ጠሪው እየጠራ፣ ተጠሪው ሳይሰማ፣
ቆሞ ያያል እንጂ፣ ምን ይላል ያ ማማ?
እኔ ግን ልጠይቅ፣ እንደ እናቴ ቃል፤
«የለም» ያለው ማን ነው? የት እንዳለ ያውቃል።